ጥርስ ማስነቀል፦ ከቀጠሮው ዋዜማ ጀምሮ ድዱ እስኪገጥም

ጥርስ የሚያስነቅል ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚፈራው መርፌውንና ጉጠቱን ነው። ሁለቱም የሐኪሙ ሥራ ናቸው፤ በደቂቃዎች ውስጥ ያልፋሉ። የታካሚው ድርሻ ሌላ ቦታ ላይ ነው። አንደኛው ከመርፌው በፊት ስለ ጤናው የሚናገረው ነው፤ ሁለተኛው ጥርሱ በወጣበት ጉድጓድ ውስጥ የሚረጋውን ደም በተለይ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት የሚጠብቅበት መንገድ ነው። ይህ መመሪያ ደሴና ኮምቦልቻ ለሚታከሙ፣ እንዲሁም ከሐይቅ፣ ከኩታበር፣ ከሐርቡና ከባቲ ለሕክምና ወደ እነዚህ ከተሞች ለሚመጡ ሰዎች የተዘጋጀ ነው።

በእርግጥ መነቀል አለበት?

ያመመ ጥርስ ሁሉ አይነቀልም። ቀዝቃዛ ሲነካው ጠቅ አድርጎ ወዲያው የሚተው ጥርስ ብዙ ጊዜ በመሙላት ይድናል። ሌሊት ከእንቅልፍ የሚያስነሳና ትኩስ ሲነካው ለረጅም ጊዜ የሚያመው ደግሞ ነርቩ ስለተጎዳ የሥር ሕክምና ወይም መነቀል ይፈልጋል። ለመነቀል የሚያበቁት ምክንያቶች እነዚህ ናቸው፦ ጥርሱ እስከ ድዱ በስብሶ የሚሞላ አካል ሲያጣ፣ ሥሩ ሲሰነጠቅ፣ በድድ በሽታ ምክንያት አጥንቱ ተበልቶ ጥርሱ ሲነቃነቅ፣ ወይም የመጨረሻው መንጋጋ ቦታ አጥቶ ድዱን ደጋግሞ ሲያቆስል። ሐኪሙን «የሥር ሕክምና ቢደረግለት ይቆያል?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም። የሥር ሕክምና ዋጋው ከፍ ይላል፣ ምልልስም አለው፤ የወጣ ጥርስ ግን አይመለስም።

ሳይነቀል የሚያዘገዩ ሁለት የተለመዱ አባባሎች አሉ። አንዱ «የላይኛው ክራንቻ ሲነቀል ዓይን ይጠፋል» የሚለው ነው። የጥርስ ስሜት የሚሄድበት ነርቭና የእይታ ነርቭ የተለያዩ ናቸው፤ ማንኛውም ጥርስ ቢወጣ ዓይን አይጠፋም። ይልቅ ዓይንን የሚያሰጋው ሳይታከም የቆየ የላይ ጥርስ መግል ሽቅብ ወደ ዓይን ዙሪያ ሲዛመት ነው። ሌላው «እብጠቱ ሳይጎድል አይነካም» የሚለው ነው። አፍ የሚከፈትና ማደንዘዣው የሚይዝ ከሆነ የመግሉ ምንጭ የሆነውን ጥርስ ማውጣት ራሱ ሕክምና ነው። አንቲባዮቲክ ቀድሞ የሚታዘዝበት ሁኔታ አለ፤ ውሳኔው ግን ሐኪሙ አፍ ውስጥ አይቶ የሚወስነው እንጂ ከመድኃኒት ቤት በራስ ፈቃድ ተገዝቶ ለሳምንታት የሚወሰድ ኪኒን አይደለም። ኪኒኑ እብጠቱን ያበርደዋል፣ ጥርሱ እዚያው ስላለ እብጠቱ ይመለሳል።

ቤት ውስጥ በክር መጎተት ወይም ሙያው በሌለው ሰው ማስነቀል አደጋው ብዙ ነው። ሥሩ ተሰብሮ ይቀራል፣ ያልተቀቀለ መሣሪያም ሄፓታይተስ ቢንና ኤች አይ ቪን ያስተላልፋል።

ከመርፌው በፊት የሚነገር

የምዝገባ ካርድ ሲወጣ «ሌላ ሕመም አለ?» ተብሎ ሲጠየቅ «ምንም የለም» ማለት ለብዙ ሰው ይቀናል። የሚከተሉት ካሉ ግን ሳይጠየቁም ይናገሩ።

የደም ግፊት፦ መድኃኒቱን ጠዋት እንደወትሮው ውጠው ይምጡ። ልኬቱ 180/110 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ሐኪሙ አስቸኳይ ያልሆነን ነቀላ ወደ ሌላ ቀን ያስተላልፋል፤ ይህ ሊያስቀይም አይገባም።

ስኳር፦ ቁርስዎን በልተው፣ መድኃኒትዎን በሰዓቱ ወስደው፣ ጠዋት ይቀጠሩ። የኢንሱሊን መርፌ ወስዶ ባዶ ሆድ መቀመጥ ወንበሩ ላይ ስኳር እንዲወርድ ያደርጋል። ስኳሩ ከቁጥጥር ውጭ ከሆነ ደግሞ ቁስሉ ቶሎ አይድንም፣ ኢንፌክሽንም ይቀናዋል።

ደም ማቅጠኛ፦ ዋርፋሪን የሚወስዱ ከሆነ የቅርብ ጊዜ የአይ ኤን አር (ደም ለመርጋት የሚወስድበትን ጊዜ የሚያሳይ ምርመራ) ውጤት ይዘው ይምጡ። በራስዎ ውሳኔ ኪኒኑን አያቁሙ፤ ከጥርስ መድማት ይልቅ በልብ ወይም በአንጎል የሚረጋ ደም ይከፋል። የልብ አስፕሪንም ሐኪሙ ካላለ በቀር አይቋረጥም።

የልብ በር (ቫልቭ) ችግር፦ በልጅነት የመገጣጠሚያ ሕመምና የጉሮሮ ቁስል ተከትሎ የመጣ የልብ በሽታ በአገራችን ብዙ ነው፤ በየአራት ሳምንቱ የፔኒሲሊን መርፌ የሚወጉም አሉ። ሰው ሠራሽ የልብ በር የተገጠመለት ወይም ከዚህ በፊት የልብ ውስጠኛው ሽፋን ኢንፌክሽን የያዘው ሰው ከነቀላው ከ30 እስከ 60 ደቂቃ በፊት የመከላከያ አንቲባዮቲክ ይሰጠዋል፤ ለአዋቂ የተለመደው አሞክሲሲሊን 2 ግራም በአንድ ጊዜ ነው። ፔኒሲሊን በቋሚነት ለሚወጋ ወይም አለርጂ ላለበት ሐኪሙ ሌላ ዓይነት ይመርጣል። ስለዚህ የመርፌ መከታተያ ካርድዎን አይርሱ።

እርግዝና ካለም ይናገሩ። የሚመቸው ጊዜ ከአራተኛው እስከ ስድስተኛው ወር ነው። መግል የያዘ ጥርስ ግን በሌላውም ወር ቢሆን አይተውም፤ ሕክምናው ይደረጋል፣ የማስታገሻው ምርጫ ነው የሚቀየረው። ለአጥንት መሳሳት ወይም ለካንሰር የሚሰጡ አንዳንድ መድኃኒቶች፣ በመንጋጋ ላይ የተደረገ የጨረር ሕክምና፣ ቀደም ሲል ከነቀላ በኋላ አልቆም ያለ ደም፣ የመድኃኒት አለርጂ፦ እነዚህም ሳይነገሩ አይታለፉ።

የቀጠሮው ጠዋት

ከተቻለ ከጠዋቱ 3 ሰዓት አካባቢ ይቀጠሩ። የሚደማ ነገር ቢኖር ከሰዓት በኋላ ክሊኒኩ ክፍት ነው፤ ወደ ገጠር የሚመለስም መኪና ሳያመልጠው ለሁለት ሰዓት ያህል ከተማው ውስጥ ቆይቶ ራሱን ማየት ይችላል። ከደሴ ኮምቦልቻ ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቁልቁለትና ጠመዝማዛ ስለሆነ፣ ጉድጓዱ ሳይረጋ እየተንገጫገጩና እየተቅለሸለሹ መውረድ ጥሩ አይደለም።

ማደንዘዣው ለዚያ ቦታ ብቻ ከሆነ መጾም አያስፈልግም፤ እንዲያውም ከአንድ ወይም ከሁለት ሰዓት በፊት ይብሉ። ወንበር ላይ ራሱን የሚስት ሰው ብዙ ጊዜ ያልበላና የፈራ ሰው ነው። በዐቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚቆዩ፣ በረመዳን የሚጾሙም ሕመሙ ፋታ የሚሰጥ ከሆነ ቀጠሮውን ከጾሙ በፊት ወይም በኋላ ቢያደርጉት ይሻላል፤ ከነቀላ በኋላ ውሃና ኪኒን በሰዓቱ ያስፈልጋልና። ፋታ የማይሰጥ ከሆነ በሽተኛ ነዎት፤ የሃይማኖት አባትዎን ወይም ኡስታዝዎን ያማክሩ።

ጫት ከዋዜማው ጀምሮ ይቅር። የልብ ምትና ግፊት ከፍ ያደርጋል፣ ማደንዘዣው ውስጥ ያለው አድሬናሊንም በላዩ ላይ ይጨምርበታል። ሲጋራም እንዲሁ።

ይዘው የሚሄዱት፦ የሚወስዷቸውን ኪኒኖች ከነማሸጊያቸው፣ የቆየ ራጅ ካለ እሱን፣ አንገት ልብስ ወይም ነጠላ፣ አብሮ የሚሄድ ሰው። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል ከሆኑ ከጤና ጣቢያዎ ይጀምሩና የሪፈር ወረቀቱን ይያዙ። በግል ክሊኒክ ደግሞ ካርድ፣ ራጅ፣ ማደንዘዣና ነቀላ ለየብቻ ይከፈል ወይም በአንድ ላይ ይሁን፣ ጥርሱ ተሰብሮ ቀዶ ማውጣት ቢያስፈልግ ክፍያው ይለወጥ እንደሆነ፣ ወንበሩ ላይ ሳይወጡ ይጠይቁ። አፍ ከደነዘዘ በኋላ ዋጋ መደራደር አይመችም።

ወንበሩ ላይ የሚሆነው

በመጀመሪያ ሐኪሙ አይቶና አንኳኩቶ የታመመውን ጥርስ ይለያል፤ በተለይ ለመንጋጋ ጥርስ ራጅ ያነሳል። ራጁ የሥሩን መታጠፍ፣ ከታችኛው መንጋጋ ነርቭ ያለውን ርቀት፣ ለላይኛው ደግሞ ከአፍንጫ ጎን ካለው ባዶ ክፍል ከሳይነስ ጋር ያለውን ቅርበት ያሳያል። የላይኛው መንጋጋ አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ሥር፣ የታችኛው ሁለት ሥር አለው። ከመርፌው በፊት የትኛው ጥርስ እንደሚወጣ በጣትዎ ያመልክቱና ሐኪሙ እንዲያረጋግጥልዎ ያድርጉ። ሕመም ከታች ወደ ላይ፣ ከአንዱ ጥርስ ወደ ጎረቤቱ ስለሚዛመት መሳሳት አለ። መርፌው አዲስ መሆኑን፣ መሣሪያው ከታሸገ ከረጢት ሲወጣ ማየትም መብትዎ ነው።

ማደንዘዣው ባብዛኛው ሊዶካይን 2% ከአድሬናሊን ጋር ነው። ለላይ ጥርስ ከጥርሱ አጠገብ ድዱ ላይ ይወጋል፤ አጥንቱ ስስ ስለሆነ ዘልቆ ይገባል። ለታችኛው መንጋጋ ግን አጥንቱ ወፍራም ስለሆነ ነርቩ አጥንቱ ውስጥ ከመግባቱ በፊት፣ ከመንጋጋው ጀርባ፣ ይያዛል። ይህ ሲሠራ የታችኛው ከንፈር ግማሹ እስከ አገጭ፣ ብዙ ጊዜም የምላስ ግማሽ ይደነዝዛል። ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ይጠበቃል። ከንፈርዎ ካልደነዘዘ ዝም አይበሉ፤ «ገና ነው» ይበሉ። ከመርፌው በኋላ ልብ ለአንድ ሁለት ደቂቃ ቶሎ ቶሎ ቢመታ አድሬናሊኑ ነው፣ ያልፋል። መግል ባለበት ቦታ ማደንዘዣ አንዳንዴ እምቢ ይላል፤ የተቆጣው ሥጋ አሲድነቱ ከፍ ስለሚል መድኃኒቱ ወደ ነርቩ በሚገባ አይገባም። ያን ጊዜ ሐኪሙ ከቦታው ራቅ አድርጎ ይወጋል ወይም ይጨምራል። ችሎ መቀመጥ ጀግንነት አይደለም፣ ሐኪሙን ያሳስተዋል።

ማደንዘዣ የሚያጠፋው ሕመምን ነው፤ ግፊትን አያጠፋም። ሐኪሙ መጀመሪያ ድዱን ከጥርሱ ያላቅቃል፣ ከዚያ በቀጭን ማላቀቂያ በጥርሱና በአጥንቱ መካከል ገብቶ ቦታውን ያሰፋል፣ በመጨረሻ በጉጠት ይዞ ወደ ውጭና ወደ ውስጥ ያወዛውዘዋል። ጥርስ «ተስቦ» አይወጣም፤ የያዘው አጥንት ቀስ በቀስ ሰፍቶ ይለቀዋል። ስለዚህ ከባድ ግፊትና «ቋ» የሚል ድምፅ ይኖራል። የሚወጋ ስለት ያለው ሕመም ከተሰማዎ ግን የግራ እጅዎን ያንሱ።

ጥርሱ ቢሰበርስ? የበሰበሰ፣ ሥሩ የታጠፈ ወይም የሥር ሕክምና የተደረገለት ጥርስ ሲሰበር የሐኪሙ ጥፋት ነው ማለት አይደለም። ድዱ በትንሹ ተከፍቶ፣ አጥንቱ ትንሽ ተሞርዶ ወይም ሥሮቹ ተለያይተው ይወጣሉ፣ ከዚያ ይሰፋል። ለነርቭ በጣም የቀረበ ትንሽ የሥር ጫፍ ሆን ተብሎ የሚተውበት ጊዜም አለ፤ ያን ጊዜ ሊነገርዎና በካርዱ ላይ ሊጻፍ ይገባል። ስፌት ካለ «የሚሟሟ ነው ወይስ የሚወጣ?» ብለው ይጠይቁ። የሐር ክር ከሆነ ከሳምንት በኋላ ይወጣል፤ ለዚህ ኮምቦልቻ ወይም ደሴ ዳግም መምጣት እንዳለብዎ አስቀድመው ይወቁ።

የመጀመሪያው ቀን፦ የረጋውን ደም መጠበቅ

ጉድጓዱ ላይ የተጠቀለለ ጎዝ ተደርጎ ይነከሳል። አጥብቀው ከ30 እስከ 45 ደቂቃ ይንከሱት፤ በየአምስት ደቂቃው እያወጡ «ቆመ ወይ?» ብሎ ማየት ሊረጋ የጀመረውን ደም መላልሶ መንቀል ነው። ምራቅ ሲመጣ ይዋጡ፣ አይትፉ። መትፋትም፣ በስትሮው መምጠጥም፣ መጉመጥመጥም አፍ ውስጥ መሳብ ይፈጥራሉ፤ ያ መሳብ የረጋውን ደም ከጉድጓዱ ያወጣዋል። ምራቅ ለአንድ ቀን ሮዝ ቢሆን አይደንግጡ፤ ጥቂት ደም ብዙ ምራቅ ያቀላል።

ድንዛዜው ከ2 እስከ 4 ሰዓት ይቆያል። እስኪለቅ አይብሉ፤ ከንፈርና ምላስ ሳይታወቅ ይነከሳሉ።

የደሴ ብርድ «ጥርሱን ይመታዋል» ተብሎ ጉንጭ በነጠላ ይጠቀለላል። መጠቅለሉ አይጎዳም። የሚጎዳው ለሙቀት ተብሎ የሚደረገው ነው፦ ትኩስ ሻይ፣ በእንፋሎት መታጠን፣ የጋለ ጨርቅ ጉንጭ ላይ ማድረግ። ሙቀት የደም ሥርን ያሰፋል፣ ቆሞ የነበረውም ይደማል። በመጀመሪያው ቀን የሚያስፈልገው ተቃራኒው ነው፤ በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ ወይም ቀዝቃዛ ውሃ የያዘ ላስቲክ ጉንጭ ላይ 15 ደቂቃ አድርጎ 15 ደቂቃ ማሳረፍ። ቡናም በዚያ ቀን አይጠጣም፤ አቦሉም ቶናውም በረካውም ለነገ፣ ያውም ለብ ብሎ።

ውዱ ሲያደርጉ ውሃውን አፍ ውስጥ አያንቦጫርቁ፤ ቀስ ብለው አስገብተው ጎንበስ ብለው ራሱ ይፍሰስ። ስግደት ላይ ጭንቅላት ዝቅ ሲል ቦታው ከጠዘጠዘ ወይም ከደማ ለታመመ ሰው እንደተፈቀደው ተቀምጠው ይስገዱ። ከሰል እፍ ማለትም ለሌላ ሰው ይተው። በተለይ የላይ መንጋጋ ለተነቀለለት ሰው እፍ ማለትና አፍንጫን በኃይል መናፈጥ ለሁለት ሳምንት ይቅር፤ ሲያስነጥሱም አፍዎን ይክፈቱ፤ ግፊቱ ከሳይነስ ጋር ያለውን ስስ ግድግዳ ይከፍታል። ማታ ትራስ ደርበው ይተኙ፤ ሸክምና ከባድ ሥራ ለሁለት ቀን ይቆይ።

ማስታገሻ

የመጀመሪያውን ኪኒን ማደንዘዣው ሳይለቅ ይዋጡ። ለአዋቂ ፓራሲታሞል ባለ 500 ሚሊ ግራም ሁለት ፍሬ በየ6 ሰዓቱ፣ በ24 ሰዓት ከ8 ፍሬ ሳይበልጥ። አይቡፕሮፌን 400 ሚሊ ግራም በየ8 ሰዓቱ ከምግብ በኋላ። ሁለቱን አብሮ መውሰድ ከአንዱ ብቻ የተሻለ ያስታግሳል። የጨጓራ ቁስለት፣ የኩላሊት ችግር ያለበት፣ ደም ማቅጠኛ የሚወስድ ወይም ነፍሰ ጡር የሆነች ሰው አይቡፕሮፌንም ዳይክሎፌናክም ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይውሰድ። አስፕሪን ለሕመሙ አይወሰድም፣ ደም ያበዛል፤ ጥርስ ላይ ፈጭቶ መለጠፍ ደግሞ ድድን ያቃጥላል። ለተራ ነቀላ አንቲባዮቲክ ግዴታ አይደለም። ከታዘዘ ግን እስከ መጨረሻው ይወሰዳል፤ ሜትሮኒዳዞል ከሆነ ጠላም ጠጅም አረቄም አይነኩም።

ከሁለተኛው ቀን በኋላ

24 ሰዓት ካለፈ በኋላ በአንድ ብርጭቆ ለብ ያለ ውሃ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ይሟሟና ከምግብ በኋላና ከመኝታ በፊት፣ በቀን አራት አምስት ጊዜ፣ ለአንድ ሳምንት ያህል አፍ ይታጠባል። በኃይል አይጉመጥመጡ፤ ጭንቅላትዎን ወደ ጎን እያዘነበሉ ያዟዙሩት። ደረቅ ጨው ጉድጓድ ውስጥ መጠቅጠቅ፣ በአረቄ መጉመጥመጥ፣ ነጭ ሽንኩርት ወይም ጤና አዳም መወተፍ ቁስሉን ያቃጥላሉ፣ ቆሻሻም ያስገባሉ። ሌሎቹ ጥርሶች ከማግስቱ ጀምሮ በብሩሽ ይጸዳሉ። መፋቂያ ግን ጭረቱ ጉድጓዱ ውስጥ ስለሚቀር በዚያ በኩል ለአንድ ሳምንት አይነካ።

ምግቡ ለሁለት ሦስት ቀን የማይታኘክና ያልጋለ ይሁን፦ የቀዘቀዘ አጥሚት፣ ለስለስ ያለ ገንፎ በርበሬው ተትቶ፣ እርጎ፣ ሾርባ፣ የተፈጨ አቮካዶ፤ ጾም ከሆነ የአጃ አጥሚትና አልጫ ክክ። በሚጥሚጣና በበርበሬ የተለወሰ ወጥ፣ ቆሎ፣ ሰሊጥና ተልባ ይቆዩ፤ ፍሬዎቹ ጉድጓዱ ውስጥ ገብተው ይሸሸጋሉ።

በርጫ ለብቻው መነገር አለበት። ቅጠሉ ጉድጓዱ ውስጥ ይገባል፣ ለሰዓታት ማኘኩ ቦታውን ያሳርፈዋል ማለት ዘበት ነው፣ አፍ ያደርቃል፣ ብዙ ጊዜም ሲጋራና ለስላሳ መጠጥ አብረውት ይመጣሉ። «በሌላኛው ጉንጭ እይዛለሁ» የሚለው መፍትሔ አይሠራም፤ ፍርፋሪው አፍ ውስጥ ይዞራል። ቢያንስ ለአንድ ሳምንት፣ ቢቻል ድዱ እስኪገጥም ለሁለት ሳምንት ይቅር። ሲጋራ በትንሹ ለሦስት ቀን፤ ጭሱ የደም ዝውውሩን ይቀንሳል፣ መሳቡ ደሙን ይነቅላል።

እብጠት በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ከፍ ብሎ ከዚያ ይጎድላል። አፍ በደንብ አለመከፈትም ለቀናት ሊኖር ይችላል። በሦስተኛው ቀን ጉድጓዱ ላይ የሚታየው ነጣ ያለ ቢጫማ ሽፋን መግል አይደለም፤ አዲስ ሥጋ ነው፣ አይፋቅ።

ነገሩ ሲበላሽ

ደሙ እንደገና ከመጣ ይቀመጡ፣ አይተኙ። የረጋውን ትርፍ ደም በንጹሕ ጎዝ ጠርገው አዲስ ጎዝ ጠቅልለው ልክ ጉድጓዱ ላይ አድርገው 30 ደቂቃ በሰዓት እያዩ ይንከሱ። ጎዝ ከሌለ በሙቅ ውሃ ረጥቦ የቀዘቀዘ የሻይ ከረጢት ይሠራል፤ ሻይ ውስጥ ያለው ታኒን ደም እንዲቆም ያግዛል። ጥጥ አይጠቀሙ፣ ክሩ ይጣበቃል። ሁለት ጊዜ ሞክረው ካልቆመ ወደ ነቀለው ሐኪም ወይም ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።

የሚቀጥለው ችግር የረጋው ደም ወጥቶ አጥንቱ ባዶውን ሲቀር ነው። የሚታወቀው በጊዜው ነው፦ ሕመሙ ሲሻል ቆይቶ በሁለተኛውና በአራተኛው ቀን መካከል ተነስቶ ወደ ጆሮና ወደ ጆሮ ግንድ ይዛመታል፤ ጉድጓዱ ባዶ ይሆናል፣ መጥፎ ሽታ ይኖራል፣ ኪኒን ብዙም አይረዳም። በታችኛው መንጋጋና በአጫሾች ላይ ይበዛል፤ የወሊድ መከላከያ ኪኒን የሚወስዱ ሴቶችም የበለጠ ያጋጥማቸዋል። ለዚህ አንቲባዮቲክ መድኃኒቱ አይደለም። ሐኪሙ ጉድጓዱን በጨው ውሃ አጥቦ ከቅርንፉድ ዘይት የተሠራ ማስታገሻ ያለበት ማሸጊያ ያስገባል፤ ሕመሙ ብዙ ጊዜ በዚያው ቀን ይቀልላል፣ ማሸጊያውም በየአንድ ሁለት ቀኑ ይቀየራል። ቅርንፉዱን ቤት ውስጥ ራስዎ አይወትፉ፤ ፍሬው ራሱ ቆሻሻ ሆኖ ይቀራል።

ለነገ የማይባሉት እነዚህ ናቸው፦ ከሦስተኛው ቀን በኋላ የሚጨምር እብጠት፣ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት፣ ምራቅ መዋጥ ማቃት፣ ከአገጭ በታች ጠንክሮ ምላስን ወደ ላይ የሚገፋ እብጠት፣ የትንፋሽ ማጠር፣ ዓይን እስኪከደን የሚያብጥ ፊት። ቀኑ እሁድ ቢሆን፣ ሰዓቱ ሌሊት ቢሆን፣ በቀጥታ ደሴ ኮምፕርሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ወይም ወደሚቀርብዎ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። ከንፈርና አገጭ ከአንድ ቀን በኋላም ደንዝዞ ከቀረ፣ ወይም ውሃ ሲጠጡ በአፍንጫ ከመጣም ለሐኪሙ ይመለሱ፤ እነዚህ ግን አስቸኳይ ሩጫ አይፈልጉም።

ክፍተቱ

ድዱ በሁለት ሦስት ሳምንት ይገጥማል፤ ውስጡ በአጥንት እስኪሞላ ወራት ይፈጃል። በዚህ መካከል ስለታም ትንሽ የአጥንት ስባሪ በድዱ ብቅ ቢል ብዙ ጊዜ ራሱ ይወጣል፤ ካስቸገረ ሐኪሙ በጉጠት ያነሳዋል። የመጨረሻው መንጋጋ ከሆነ የወጣው ምትክ አያስፈልገውም። ሌላ መንጋጋ ወይም የፊት ጥርስ ከሆነ ግን ጎረቤቶቹ ወደ ክፍተቱ ያዘነብላሉ፣ ከላይ ወይም ከታች ያለው አቻውም ይረዝማል፤ በኋላ ለመተካት ሲፈለግ ቦታው ጠቦ ይገኛል። የሚወልቅም ሆነ በጎረቤት ጥርሶች ላይ የሚታሰር ተተኪ ልኬቱ አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት እስከ ሦስት ወር ውስጥ፣ ድዱ ቅርጹን ሲይዝ፣ ይወሰዳል። ለፊት ጥርስ እስከዚያ የሚደረግ ጊዜያዊ አለ፤ ከተፈለገ ልኬቱ ከመነቀሉ በፊት ስለሚወሰድ በመጀመሪያው ምርመራ ላይ ይጠየቃል።